ጣና ዳር 3 ሌሊት፦ የሐይቅ ዳሩ ሪዞርት ወይስ ገባ ያለው ሆቴል?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አዲስ አበባ የሚኖር አንድ አባት ከባለቤቱ፣ ከእናቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ለጥምቀት ሰሞን ባሕር ዳር 3 ሌሊት ማረፍ ፈልጓል፣ ልጆቹ የ9 እና የ5 ዓመት ናቸው፣ እናቱ ገዳማቱን ማየት የቆየ ምኞታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ግን ያማቸዋል። አንድ ሐይቅ ዳር ያለ ሪዞርት አልጋ፣ ቁርስ፣ እራት፣ ጀልባና ጢስ አባይን አንድ ላይ አድርጎ ፓኬጅ ሰጥቶታል። ሌላ፣ ከሐይቁ ሁለት ሦስት መንገድ ገባ ያለ ሆቴል ደግሞ አልጋውን ከነቁርሱ በግማሽ ዋጋ ብሎታል። የቱ ያዋጣል ነው የሚለው፣ መጨረሻ ላይ ለልጆቹስ ምን አለ ብሎ ጠይቋል።

ሰላም ወንድሜ። እኔ ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ሪዘርቬሽን ላይ ሰርቼ አሁን ለቤተሰብና ለመስሪያ ቤት ጉዞ የማዘጋጅ ሰው ነኝ፣ ስለዚ ዋጋ የሚያወጣውም ዋጋ የሚከፍለውም ምን እንደሚያስብ አውቀዋለሁ። መልሱን ከፊት ላስቀምጥልህና ምክንያቱን ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ። ለጥምቀት ሰሞን የግድ ከሆነ ገባ ያለውን ያዝ። ቀኑን ገፋ አድርገህ ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ባለው ቅዳሜና እሁድ ላይ ማድረግ ከቻልክ ግን ሐይቅ ዳር ያለውን ያዝ፣ እሱንም ፓኬጁን ትተህ አልጋና ቁርስ ብቻ። የተረፈህን ብር ጀልባ ላይ አውለው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንግባባ። የአዲስ አበባ ሰው ሐይቅ ዳር ሪዞርት ሲባል አይኑ ላይ የሚመጣው ላንጋኖ ነው፣ አሸዋው ላይ ፎጣ አንጥፎ ልጆቹን ውሃ ውስጥ ለቆ መዋል። ጣና እንደዛ አይደለም። ጣና ቢልሃርዚያ ያለበት ሐይቅ ነው፣ በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ደግሞ የሚኖረው ሳርና ደንገል በበዛበት፣ ጥልቀት በሌለው ዳር ዳሩ ላይ ነው፣ ልክ ልጅ የሚንቦጫረቅበት ቦታ ማለት ነው። ጉማሬም አለ፣ በተለይ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል፣ ማታ ማታ ሳር ሊግጥ ወደ የብስ ይወጣል። ስለዚ ጣና ዳር አልጋ ስትይዝ የምትገዛው እይታና ንፋስ ነው፣ መዋኘት ከፈለጋችሁ በገንዳ ነው። ይሄ ካልገባህ ሁለቱን ዋጋ ማወዳደር አትችልም፣ ምክንያቱም ልዩነቱ በሙሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እይታው ቀላል ነው እያልኩህ አይደለም ደሞ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ንፋስ ሳይነሳ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለህ ብታይ፣ የደንገል ታንኳ ማገዶ ጭኖ ከዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በኩል ሲመጣ፣ ክምሩ ከቀዛፊው ቁመት በልጦ ታንኳው ራሱ ውሃው ላይ ብቅ ያለው ጣት በማይሞላ ነው፣ እንዴት እንደማይሰምጥ አይገባህም። ሻላዎቹ ደሞ ከአሳ አጥማጁ ኋላ ኋላ እየተከተሉ ሲጠብቁ። ይሄን ከአልጋህ ሳትነሳ ማየት ገንዘብ ያወጣል፣ አይካድም። ጥያቄው ስንት ሰዓት ታየዋለህ ነው። ሁለት ልጅና አንድ አያት ይዘህ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከክፍል ትወጣለህ፣ ከጀልባ ስትመለሱ ምሳ ሰዓት ነው፣ ከምሳ በኋላ ፀሐዩ ስለሚጠነክር መጋረጃ ጋርዳችሁ ትተኛላችሁ፣ 10 ሰዓት ላይ ደግሞ ልጆቹ ይጎትቱሃል። በቃ፣ ለሌክ ቪው ከፍለህ የምታየው መጋረጃ ነው። አንድ ቡና አዝዘህ ሐይቅ ዳር ካሉት ካፌዎች አንዱ ላይ ብትቀመጥ ግን ያው ጣና ነው፣ ማንም አያስነሳህም።

አሁን ወደ ጥር እንምጣ። ጥር ባሕር ዳር ላይ ከዓመቱ በጣም የደመቀው ወር ነው፣ ጥምቀት አለ፣ ቃና ዘገሊላ አለ፣ ክልሉ ጥርን በባሕር ዳር እያለ የሚያዘጋጀው አለ፣ ጎንደር ለጥምቀት የሚሄደውም ሲሄድም ሲመለስም እዚህ አንድ ሌሊት ያድራል። ይሄ ሁሉ ዋጋውን ይሰቅለዋል፣ እሱን ታውቀዋለህ። ሰው የማያስበው ሰርጉን ነው። ጥር የሰርግ ወር ነው፣ ሐይቅ ዳር ያሉት ሆቴሎች ደግሞ ሰፊ ግቢና ዛፍ ስላላቸው ቅዳሜና እሁድ ግቢው ለሰርግ ይከራያል፣ ያ ለእነሱ ከአልጋው የማይተናነስ ገቢ ነው። አንተ ብዙ ከፍለህ የያዝከው የሐይቅ ፊት ክፍል በረንዳው በቀጥታ ወደ ድንኳኑ ነው የሚያየው። ስፒከሩ ከበረንዳህ በታች ይተከላል፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ ሙሽሮች ለፎቶ ይመጣሉ፣ የመኪናው ጥሩንባ አለ፣ ማታ ዲጄው ሲጨርስ ደሞ ወንበርና ጠረጴዛ መጫኑ ይጀምራል። ሪዘርቬሽን ላይ ሆኜ ጥር ላይ ሌሊት የሚደወልልን ስልክ አብዛኛው ይሄው ነበር፣ ክፍል ቀይሩልን ወደ ኋላ አድርጉን የሚል፣ ከኋላ ያሉት ርካሾቹ ክፍሎች ግን ቀድመው ሞልተዋል። አስበው እንግዲህ፣ ውዱን ከፍለህ ርካሹን ስትለምን።

ስለዚ የምመክርህ ጾሙን ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርግ የለም፣ ከተማው ረገብ ይላል፣ የሽርሽር እንግዳም ይቀንሳል ምክንያቱም ሰው መዝናኛን ከስጋና ከመጠጥ ጋር ስለሚያያይዘው ጾም ላይ መውጣት አይታየውም። አየሩ ግን በጣም ጥሩ ነው፣ ዝናብ የለም፣ ትንኝ ከመስከረም እስከ ኅዳር ካለው ጋር ሲወዳደር ቀንሷል፣ ቀን ሞቅ ይላል ማታ ይቀዘቅዛል። ሆቴሉ ባዶ ክፍል ይዞ ስለሚቀመጥ ስልክ ላይ ዋጋ ይቀንስልሃል፣ ወይ ደሞ በስታንዳርድ ዋጋ ሌክ ቪው ይሰጥሃል። ጾሙ የሚገባበት ቀን በየዓመቱ ስለሚለያይ የልጆቹን የግማሽ ዓመት እረፍት አይተህ አስተካክለው፣ ካልገጠመ አርብ ከሰዓት በረህ ሰኞ ጠዋት መመለስ ነው፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቢቀሩ ምንም አይሆኑም፣ የእናታቸውን ፈቃድ ግን እኔ አልሰጥም። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ናት፣ እናትህ ከልባቸው ደስ የሚላቸው ቀን ነው፣ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ላይ ትከብራለች፣ በዛ ቀን ግን ጀልባ ቀድሞ ይያዛል፣ ሰውም ብዙ ነው፣ ጉልበታቸውን አስብ።

ባሕር ዳር ላይ አንድ ሌላ የማይታይ እንግዳ አለ፣ ስልጠና የሚባል። ከሰኞ እስከ አርብ አዳራሹ በወርክሾፕ ይያዛል፣ ክፍሎቹ በአበለኛ ይሞላሉ፣ ቁርስ ቡፌው ላይ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከደረስክ የምታገኘው እንቁላል አልቆ ጨጨብሳ ሊያልቅ ሲል ነው። ስትደውል አዳራሹ ተይዟል ወይ ብለህ ጠይቅ፣ ለምን እንደጠየቅክ ይገባቸዋል፣ ያልተያዘበትን ቀን ከነገሩህ ዋጋ ለመደራደርም ጥሩው ቀን እሱ ነው። ሰኔና ሐምሌ አካባቢ ያለውን የዩኒቨርሲቲ ምርቃት ሰሞን ደሞ ጭራሽ አታስበው፣ ያኔ የተማሪ ቤተሰብ ሁሉ ከየሀገሩ ይመጣል።

ዋጋውን እንየው። ሁለቱም ሆቴሎች የነገሩህን ቁጥር ጽፈሃል፣ ግን ታክስ ይጨምራል አይጨምርም አላልክም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሆቴሎች ስልክ ላይ ፕላስ ፕላስ የሚሉት አለ፣ አንዱ ፕላስ ሰርቪስ ቻርጅ ነው 10 ፐርሰንት፣ ሁለተኛው ቫት ነው 15 ፐርሰንት፣ ቫቱ ደግሞ የሚሰላው ሰርቪስ ቻርጁ ከተደመረ በኋላ ነው። ለምሳሌ አልጋው 4,000 ብር ፕላስ ፕላስ ከተባልክ፣ 10 ፐርሰንቱ ሲጨመር 4,400 ይሆናል፣ በዛ ላይ 15 ፐርሰንት 660 ብር ነው፣ 5,060 ትከፍላለህ። ለሁለት ክፍል ለ3 ሌሊት ስታባዛው ልዩነቱ ብቻ 6,360 ብር ነው፣ ይሄ ብር ከየት መጣ ብለህ ቼክ አውት ላይ ከካሸሯ ጋር ትጨቃጨቃለህ፣ እሷ ምን ታድርግ። አንዳንዱ ሆቴል ደግሞ ሁሉን ያካተተ ዋጋ ነው የሚነግርህ። ስለዚ አንዱ ፕላስ ፕላስ ብሎ ሌላው አካትቶ ነግሮህ ከሆነ ግማሽ ዋጋ ያልከው ምናልባት ግማሽ አይደለም፣ ከግማሽም በታች ሊሆን ይችላል፣ ወይ ደሞ ያን ያህል ላይራራቅ ይችላል። ሁለቱንም መልሰህ ደውልና መጨረሻ የምከፍለው ስንት ነው በል፣ ሌላ ቃል አትጠቀም።

ፓኬጁን ደሞ እንበትነው። እራቱ መጀመሪያ ይውጣ። 3 ማታ እዛው ግቢ ውስጥ በሪዞርት ዋጋ መብላት ባሕር ዳር ላይ ኪሳራ ነው፣ ከተማው ውስጥ አሳ እንደልብ አለ። ቆሮሶ ሙሉውን ተጠብሶ በአዋዜና በሎሚ፣ አሳ ጉላሽ፣ አሳ ለብለብ፣ ለልጆቹ አጥንት የሌለው ኮተሌት፣ አምባዛ የሚወድ ካለ እሱም አለ። ምሳ ላይ ብላው እንጂ ማታ አትጠብቅ፣ አሳው ጠዋት ነው የሚገባው፣ የከሰዓቱ ፍሪጅ ያየ ነው። ጾም ላይ አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ፣ እኔ እዛ ውስጥ አልገባም፣ ሬስቶራንቶቹ ግን ሁለቱንም ያዘጋጃሉ፣ የጾም በያይነቱም ጥሩ ነው።

ጢስ አባይም ይውጣ፣ ጥርም ሆነ የካቲት ከሄድክ። ፏፏቴው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ፎቶ ላይ የምታየው ያ ሰፊ ጭስ የሚመስል ውሃ የሐምሌ፣ የነሐሴ፣ የመስከረምና የጥቅምት ነው። በበጋ ወንዙ ራሱ ይቀንሳል፣ በዛ ላይ ከ2002 ዓ.ም ጀምሮ ጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከሐይቁ በዋሻ ውሃ እየወሰደ ስለሆነ ወደ ፏፏቴው የሚወርደው በጣም ያንሳል። እንግዳ ወስጄ ገደሉን አይተው ውሃውስ የታለ ሲሉኝ የምመልሰው አጥቼ አውቃለሁ። ለመኪናው፣ ለመግቢያው፣ ለአስጎብኚው ከፍለህ፣ እናትህን በድንጋይ መንገድ አስኪደህ ገደል ከምታሳያቸው ይቅር። ፓኬጁ ውስጥ ካለ በምትኩ ምን ትቀንሱልኛላችሁ በላቸው፣ አብዛኞቹ ይቀንሳሉ ምክንያቱም እነሱም መኪናውን የሚከራዩት ከውጪ ነው።

ጀልባው ግን ይቅር እንዳትል፣ ጣና የመጣኸው ለሱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጀልባ የሚከፈለው በሰው አይደለም፣ በጀልባ ነው፣ እናንተ 5 ሆናችሁ ስለምትሞሉት ያዋጣችኋል፣ ጥንዶች ሆነው ብቻቸውን የሚከራዩት ናቸው የሚጎዱት። ሆቴሉ ሲያዘጋጅልህ ኮሚሽን ይጨምራል፣ ሐይቁ ዳር ጀልባ የሚያሰማሩ ማህበራት ስላሉ ከዋዜማው ማታ ሄደህ ራስህ ተነጋገር። ስትነጋገር የት የት እንደሚያደርስ፣ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ፣ ሲመለስ አባይ መውጫው ጋ ጉማሬ ያሳየናል ወይ የሚለውን አንድ ላይ ጨርስ፣ መሃል ሐይቅ ላይ የሚጨመር ሂሳብ እንዳይኖር። ላይፍ ጃኬት በልጅ ልክ አለ ወይ በል፣ አለ ካሉ አምጡና ልየው በል፣ ለ5 ዓመት ልጅ የትልቅ ሰው ጃኬት ማልበስ አለማልበስ ነው። መነሻው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ቢበዛ 2 ሰዓት ይሁን፣ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉ ትልቅ ባይሆንም ጀልባዋን ያንገጫግጫታል፣ ለእናትህ ወገብ አይሆንም። ቁርስ የሚጀምረው 1 ሰዓት ከሆነ ለኪችኑ ከማታው ንገራቸው፣ እንቁላልና ዳቦ ጠቅልለው ይሰጡሃል፣ ከፍለህበታል እኮ።

የት ትሂዱ ለሚለው፣ ሴት የማይገባባቸውን ገዳማት ከፊት እወቅ። ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ጣና ቂርቆስ ሴት አይገባም። ፓኬጁ ላይ ክብራን ተጽፎ ካየህ እናትህና ባለቤትህ፣ ትልቋ ልጅህም ጭምር ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው እናንተን ይጠብቃሉ ማለት ነው። አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴት ይገባል፣ ከከተማው ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደቅ ደሴት ላይ ያሰሩት ነው፣ በጣም ያምራል፣ ሴትም ይገባል፣ ግን በጀልባ ደርሶ መልስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፣ ከ5 ዓመት ልጅ ጋር አይሞከርም።

ለእናንተ ዘጌ ነው። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ጫካው ሙሉ ቡና ነው፣ በትውፊት አቡነ በትረ ማርያም በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት ስለከለከሉ ነው ደኑ እስካሁን የቆየው ይባላል። ብዙ ሰው በቀጥታ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይሄዳል፣ ስዕሎቹ ለጉድ ናቸው፣ ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከታች እስከ ላይ አንድ የቀረ ቦታ የለም፣ መንገዱ ግን ከጀልባ ማቆሚያው ዳገት ነው፣ ድንጋያማ ነው፣ ግራና ቀኝ ትናንሽ ታንኳና ብራና የሚሸጡ ልጆች አሉ። ለእናትህ መጀመሪያ አዝዋ ማርያምን አድርጉ፣ እሱ ለውሃው ቅርብ ነው፣ ስዕሉም አያንስም። እዛ ሳይቸኩሉ ጸልየው፣ ጉልበታቸው እሺ ካለ ዑራን ይጨምሩ፣ ካላለ አንተና ልጆቹ ስትሄዱ እሳቸው ባለቤትህ ጋር ቡና ይጠጣሉ፣ የዘጌ ቡና እዛው ተቆልቶ እዛው ይፈላል። ጫማ ስለሚወለቅ ወፍራም ካልሲ ያዙላቸው፣ ነጠላ እንደሚይዙ አልነግርህም። ዝርዝር ብር ያዝ፣ ለመግቢያ፣ ለሙዳየ ምጽዋት፣ ለቡናው፣ እዛ ቴሌብር ልላክ ማለት አይመችም።

ክፍሉን በተመለከተ። ሪዞርቱ አንድ ፋሚሊ ሩም ከነተጨማሪ አልጋ እንደሰጠህ ጽፈሃል። ተወው። ሁለት ትዊን ክፍል ያዝ፣ ሁለት ሁለት አልጋ ያላቸውን ማለት ነው፣ እናትህና ትልቋ ልጅ አንዱን፣ እናንተና ትንሹ ሌላውን፣ እናትህም ሌሊት ተነስተው ሲጸልዩ አይሳቀቁም። ሁለት ስታንዳርድ ብዙ ጊዜ ከአንድ ስዊት ይረክሳል፣ ኤክስትራ ቤድ የሚባለውም ብዙ ቦታ ላይ መሬት የሚዘረጋ ፍራሽ ነው። ምድር ቤት ስጡን በል፣ ሊፍት አለ ቢሉህም ምድር ቤት፣ መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ ደረጃ ይሆናል። ልጅ እስከ ስንት ዓመት ነጻ ነው ብለህ ጠይቅ፣ ከሆቴል ሆቴል ይለያያል፣ የቁርሱም ከአልጋው ለብቻ ይሰላል።

ስልክ ላይ ጀነሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ ነው ወይስ እስከ 6 ሰዓት ብቻ፣ ሙቅ ውሃው በየክፍሉ ቦይለር ነው ወይስ በሶላር ጠዋት የሚቀዘቅዝ፣ መስኮቱ ወንፊት አለው ወይ፣ አጎበር አለ ወይ ብለህ ጠይቅ። ባሕር ዳር ወባ ያለበት ከተማ ነው፣ በበጋ ቢቀንስም አጎበሩን አትናቀው፣ ሐይቅ ዳር ያለው ክፍል ላይ ደሞ ማታ መብራት አብርተህ መስኮት ከከፈትክ ትናንሽ ነፍሳት ግድግዳውን ይሸፍኑታል። ገንዳው አሁን ውሃ አለው ወይ በል፣ እንዳትስቅ፣ የገንዳ ፎቶ የሌለው ሪዞርት የለም፣ ባዶ ገንዳ ያየ ልጅ ግን 3 ቀን አያናግርህም። እናትህ ረቡዕና አርብን ስለሚጾሙ የጾም ቁርስ ይዘጋጃል ወይ በል፣ ጥሩ ሆቴል ፉል ወይ የጾም ፍርፍር አያጣም።

ዋጋውን ከኢንተርኔት አትያዝ። የቡኪንግ ድረገጾቹ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ ለውጪ ሰው የወጣ ነው፣ ስልክ ስትደውል የሀገር ውስጥ ዋጋ ስጡኝ በል፣ ከውጪ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁና የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ካለው ለሱም የሚሰጡ አሉ። ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቁሃል፣ ያንድ ሌሊት ብቻ ላክ፣ በሆቴሉ ስም ባለ ሂሳብ እንጂ በሰው ስም ወደ ቴሌብር አትላክ፣ ከዛ የክፍሉን አይነት፣ ቀኑን፣ ታክስ መጨመሩንና የከፈልከውን በቴክስት አስጽፈህ ያዝ። ቴክስቱ የሌለው ሰው ጥር ላይ ሪሴፕሽን ደርሶ ክፍልህ ወደ ኋላ ተቀይሯል ሲባል ምንም ማለት አይችልም።

ሁለት ሌሊት ገባ ያለው ጋ አድራችሁ የመጨረሻዋን ሐይቅ ዳር ብትሆኑስ የሚሉህ ይኖራሉ። ለጥንዶች ጥሩ ሃሳብ ነው፣ እኔም እመክራለሁ። ለእናንተ ግን አይሆንም፣ ሻንጣ ማሰር፣ 5 ሰዓት ላይ ቼክ አውት አድርጎ እስከ 8 ሰዓት ክፍል መጠበቅ፣ ልጅ ሲነጫነጭ፣ ቀናችሁ እዛው ያልቃል። በምትኩ ገባ ያለው ላይ እደሩና ከሰዓት አንዱ ሪዞርት ሄዳችሁ ለገንዳ ብቻ ክፈሉ፣ የሚያስገቡ አሉ፣ ሻይ ምናምን አዝዛችሁ ሐይቁን እያያችሁ እስኪመሽ ትቆያላችሁ። ኩሪፍቱን ጨምሮ ሐይቅ ዳር ያሉት በሙሉ በባጃጅ የሚደረስባቸው ናቸው፣ ቀድመህ ደውለህ የገንዳ ክፍያቸውን አጣራ። መንገዱን ደሞ በመኪና እንዳታስብ፣ ሁኔታው ስለሚለዋወጥ ከልጅና ከእናት ጋር በአየር ነው የሚሻለው፣ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ትኬቱን ቀኑን እንደወሰንክ ቁረጥ፣ ከሆቴሉ በፊት።

ለልጆቹ ላልከው፣ ብዙ አትጨነቅ። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነ ብስክሌት የሚከራዩበት አለ፣ ለትልቋ ልክ የሚሆን ከተገኘ ዘንባባዎቹ ስር ጠዋት ላይ ትንዳ፣ ከባጃጁ ግን ጠብቃት። ከሰዓት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ፣ ባጃጅ አናቱ ድረስ ያደርሳችኋል፣ ከዛ ላይ አባይ ከነጠመዝማዛው ከነከተማው ይታያል፣ እድል ካለ ጉማሬም ይታያል፣ የጃንሆይ ቤተ መንግሥትም እዛው ነው። ስትወርዱ በ2016 ዓ.ም የተመረቀውን አዲሱን የአባይ ድልድይ በእግር ተሻገሩት፣ 380 ሜትር ነው፣ ትንሹ ልጅ መሃሉ ላይ ደርሶ እቀፉኝ ማለቱ አይቀርም። ሐይቁ ዳር ሲጫወቱ ግን ጫማ አያውልቁ፣ ደንገሉ ውስጥ አይግቡ፣ ከመሸ በኋላ ደግሞ ከነጭራሹ ወደ ሳሩ አትለፉ።

ሁለቱ ሆቴሎች ታክስ ጨምረው የሚነግሩህን መጨረሻ ዋጋና አዳራሽና ግቢያቸው በየትኛው ቀን እንደተያዘ ጠይቀህ እዚሁ ጻፍልኝ፣ የትኛውን ቀን እንደምትይዝ ያኔ ቁጥሩን አይቼ እነግርሃለሁ።